የፊደል አጻጻፍና የእጅ ጽሕፈት፦ ከወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን በኩል ያሉ ወላጆች የሚያነሷቸው ናቸው። አንዳንዶቹ በወላጅ ስብሰባ፣ አንዳንዶቹ በትምህርት ቤቱ በር፣ ጥቂቶቹም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን የተጠየቁ ናቸው። መልሱን የምጽፈው ዝቅተኛ ክፍሎችን አማርኛ የማስተምር ሰው ሆኜ ነው። ለአዲስ መምህራን የሚሆንም አለበት።

ልጄ 2ኛ ክፍል ነው። ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ቤት ውስጥ ብዙ ገጽ ባስገለብጠው ይሻሻላል?

አይሻሻልም። ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ልጅ ጽሕፈትን የሚጠላው በዚህ ነው።

አንድ ቀን ልጁን «ትምህርት» የሚለውን ቃል 30 ጊዜ ጻፍ በሉትና ሳያያችሁ ከጀርባው ቆማችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ «ት» ብቻ ከላይ እስከ ታች ይደረድራል። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ «ም» ይደረድራል። ከዚያ «ህ»፣ ከዚያ «ር»። ገጹ ይሞላል። ቃሉን ግን አንድም ጊዜ አልጻፈውም። 20ኛው መስመር ላይ ደግሞ «ህ» ተዘላ ታገኟታላችሁ፤ ከዚያ በታች ያሉት ሁሉ «ትምርት» ይሆናሉ። ስሕተቱን ደጋግሞ ተለማመደው ማለት ነው።

ከገጽ ሙሉ ግልበጣ አምስት ቃል ይሻላል። አንድ ቃል ያያል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ በእጁ ይሸፍነዋል፣ ከአእምሮው ይጽፋል፣ ከፍቶ ራሱ ያስተያያል። ከተሳሳተ በላጲስ አጥፍቶ ፊደሏን ብቻ ማስተካከል ሳይሆን ቃሉን ሙሉውን እንደገና ይጽፋል። አምስቱን ቃል በዚህ መንገድ መጻፍ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በቃ፣ ይጫወት። በየቀኑ 10 ደቂቃ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ጭንቀት እጅግ ይበልጣል።

ጽሕፈትን ቅጣት አታድርጉት። ለረበሸ ልጅ «50 ጊዜ ጻፍ» ሲባል፣ እርሳስ ማለት የጥፋት ዋጋ ነው ብሎ ይይዘዋል። ይህን ከልጅ አእምሮ ማውጣት በጣም ከባድ ነው።

231 ፊደል ለትንሽ ልጅ አይበዛም?

አንድ በአንድ ከሆነ ይበዛል። ግን 33 መልክና ሰባት ረድፍ ነው፤ ረድፎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓት አላቸው። ልጁ ሥርዓቱን እንዲያየው መርዳት ነው ሥራው።

ካዕብን ውሰዱ። ቡ፣ ሱ፣ ሉ፣ ኩ ሁሉም በቀኝ በኩል ወገባቸው ላይ አንዲት ጭረት ያወጣሉ። ሣልስ ላይ ጭረቷ ወደ እግር ትወርዳለች፦ ቢ፣ ሲ፣ ሊ፣ ኪ። ኃምስ ላይ እግሩ ሥር ቀለበት ትሆናለች፦ ቤ፣ ሴ፣ ሌ፣ ኬ። ሁለት እግር ያለው ፊደል ራብዕ ላይ የቀኝ እግሩ ይረዝማል፦ ባ፣ ሳ፣ ላ። አንድ እግር ያላቸው እነ «ታ» እና «ቃ» ደግሞ እግራቸውን ወደ ግራ ያጥፋሉ። ይህን ያወቀ ልጅ አዲስ ፊደል ሲያይ አይደነግጥም። እነ ሩና ፉ ከሥርዓቱ ወጣ ይላሉ፤ እነሱን ለብቻ ማሳየት ነው።

የሚያስቸግሩት ሳድስና ሳብዕ ናቸው። ል፣ ብ፣ ን፣ ት፣ ር የየራሳቸው መልክ አላቸው። በአብዛኛው የሚፈጸመው ስሕተት ደግሞ ሳድስን እስከ መጨረሻ ማቆየት ነው። አስቡት፤ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ ቤት፣ ልጅ፣ ዳቦ ቤት፣ ትምህርት ቤት። ከልጁ ቃላት አብዛኞቹ በሳድስ ያልቃሉ። ሳድስን ሳያውቅ ብዙ ቃል መጻፍ አይችልም። ስለዚህ በ፣ ለ፣ ተ፣ ነ፣ መ የመሳሰሉትን ጥቂት ቤተሰቦች ከነሳድሳቸው ቀድሞ አስተምሮ ቶሎ ቃል ማስጻፍ ይሻላል። ሀ ሁ ሂ በዜማ መውረዱ ጥሩ ነው፤ አልቃወመውም። ግን በዜማ የሚወርድ ልጅ ሁሉ ፊደሉን ለይቶ ያውቃል ማለት አይደለም። መሃል ላይ ጣታችሁን አስቀምጡና «ይህቺ ማን ናት?» በሉት። ከሀ ጀምሮ ቆጥሮ ከደረሰባት ገና ነው።

ሌላም የሚያቀል ነገር አለ። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ ከሰ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ዘ፣ ደ እና ጠ ላይ ምልክት ተጨምሮ የወጡ ናቸው። ግዕዝ እነዚህ ፊደላት አልነበሩትም፤ አማርኛ ሲጻፍ ተጨመሩ። ለልጆች ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ስታሳዩዋቸው ደስ ይላቸዋል፣ ይይዙታልም።

ፊደሉን ጥርት አድርጎ ያነባል። ቃል ሲጽፍ ግን ይሳሳታል። ለምን?

ማንበብና መጻፍ አንድ ስላልሆኑ። ሲያነብ ፊደሉ ፊቱ አለ። ሲጽፍ ከድምፁ ተነሥቶ ፊደሉን ማምጣት አለበት። ይህን የሚያለማምደው የቃል ጽሕፈት፣ ማለትም ቃል ሲጠራለት መጻፍ፣ ነው። የግል ትምህርት ቤት ልጆች «ዲክቴሽን» የሚሉት ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ግን እየተረሳ ነው፤ እኔ በጣም አዝናለሁ።

ስሕተቶቹን ተከታትላችሁ ብታዩ ተመሳሳይ ናቸው። አንደኛው የማይሰማ ፊደል መጣል ነው። ትምህርትን «ትምርት»፣ እህትን «እት» ይላል። አፋችን እንደዚያ ስለሚል ልጁ ጆሮውን አምኖ ጻፈ እንጂ ሰነፍ አይደለም። መድኃኒቱ ቃሉን ቀስ ብሎ ቆርሶ መጥራት ነው፤ ት፣ ም፣ ህ፣ ር፣ ት። ለእያንዳንዱ ድምፅ ጣት ያጥፍ። አምስት ጣት ከታጠፈ አምስት ፊደል መጻፍ አለበት። ጽፎ ሲጨርስ ይቁጠር። አራት ከሆነ ራሱ «አንድ ጎደለኝ» ይላል። ይህቺን «ጎደለኝ» ከልጁ አፍ መስማት ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ አራሚው እሱ ነው።

ሁለተኛው ዲቃላ ፊደላት ናቸው። ቋንቋን «ቁዋንቁዋ»፣ በልቷልን «በልቱዋል» ብሎ ይጽፋል። ሎጂኩ ትክክል ነው። «ይህን ድምፅ የምትይዝ አንዲት ፊደል አለችልህ» ብሎ ቋ፣ ጓ፣ ኳ፣ ቷ፣ ሟን ማሳየት ይበቃል።

ሦስተኛው ቃል መለየት ነው። ወይ ሁሉን ያጣብቀዋል፣ ወይ ይበታትነዋል። «በ ቤት»፣ «እየ ሄደ» ብሎ ይጽፋል። በ፣ ለ፣ ከ እና የ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይጣበቃሉ፤ «ወደ» ብቻውን ይቆማል። በቃላት መካከል አንዲት ጣት ያስገባ። ድሮ ይህን ቦታ ሁለት ነጥብ ይይዘው ነበር፤ አሁን ክፍት ቦታ ስለሆነ ለልጅ አይታየውም። እኔ አንደኛ ክፍል ላይ ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱን ነጥብ አስጽፋቸዋለሁ፣ ሲለምዱ እናወጣዋለን። አንዳንድ ባልደረቦቼ አይስማሙበትም፤ እኔ ግን ሲረዳ አይቻለሁ።

መጥበቅና መላላትን ፊደላችን አያሳይም። «ገና» በዓሉም ነው፣ «ገና ነው» ስንልም ነው። ልጁ ግራ ከተጋባ ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታችሁ አስነብቡት።

ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ… የትኛውን ልጽፍ ሲለኝ ምን ልበለው?

1ኛና 2ኛ ክፍል ላይ አታስጨንቁት። «ስራ» ብሎ ቢጽፍ ድምፁን በትክክል ይዟል፤ ቀይ እስክርቢቶ አያስፈልገውም። ትላልቆቹ እንኳ ሀገር፣ ሃገር፣ አገር እያልን እንጽፋለን። ጋዜጣም ላይ ሦስቱን ታገኛላችሁ።

ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ማስያዝ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ስማቸውን ይወቅ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስሞቹ ራሳቸው ምሳሌ ናቸው፦ ንጉሥ በሠ፣ ፀሐይ በፀ፣ ዓይን በዐ።

ቀጥሎ ቃላትን በቤተሰብ ማስተማር ነው። ሠራ፣ ሥራ፣ ሠራተኛ፣ መሥሪያ ቤት። ጸሐፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት። ሐኪም፣ ሕክምና። ኃይል፣ ኃይለኛ። አንዱን የያዘ ልጅ ዘመዶቹን አይስትም። በሳምንት አንድ ቤተሰብ በቂ ነው። ዋናው ነገር ወጥነት ነው፤ አንድ ገጽ ላይ «ሥራ» ብሎ ከታች «ስራ» እንዳይል።

እርሳስ እንዴት ይያዝ? ልጄ በጡጫ ነው የሚይዘው።

አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ይቆነጥጡታል፣ የመሃል ጣት ከሥር ይደግፈዋል። ትንሿና የቀለበት ጣት ታጥፈው ደብተሩ ላይ ያርፋሉ። ሲጽፍ የጣቶቹ ጫፍ ነጭ እስኪሆን ከጨመቀ፣ ወይም የገጹ ጀርባ ላይ ፊደሉ በእጅ ከተዳሰሰ፣ በጣም እየተጫነ ነው። ቶሎ ይደክመዋል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ጽሑፉ የሚበላሸው ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ ችግሩ እርሳሱ ላይ ሳይሆን ጣቱ ላይ ነው። ጣት ኃይል ይፈልጋል። ምስር ይልቀም። ባቄላ ይፈልፍል፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጥ። ሊጥ ሲቦካ እጁን ያስገባ። ቅልብልቦሽ ይጫወት፤ ለጣት ከእሱ የተሻለ ልምምድ አላውቅም፣ ጠጠሩ ደግሞ ደጅ ላይ ሞልቷል። ቁልፉን ራሱ ይቆልፍ።

አቀማመጡንም እዩ። ሶፋ ላይ ተንጋሎ ወይም ጉልበቱ ላይ ደብተር አስቀምጦ ጥሩ ጽሑፍ አይወጣም። እግሩ መሬት ካልደረሰ ከሥሩ ባዶ ካርቶን ወይም የተኛ ጀሪካን አስቀምጡለት። ጠረጴዛ ከሌለ ዱካ ላይ ተቀምጦ ወንበሩን እንደ ጠረጴዛ ይጠቀም። እኛ ሰፈር መብራት ድንገት ስለሚሄድ የጽሕፈቱን ሥራ ሳይመሽ ጨርሱ፤ በሻማ ማስጻፍ ዓይኑንም ትዕግሥቱንም ይጨርሳል።

ፊደል ሲጻፍ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሁን። ከታች ጀምሮ የሚስል ልጅ ለጊዜው ያምርለታል፣ 4ኛ ክፍል ላይ ግን ከሰሌዳ ሲገለብጥ አይደርስም።

ልጄ ግራኝ ናት። ቀኝ ላስለምዳት?

በፍጹም። በቀኝ መብላትና በቀኝ ሰላም ማለት የባህል ጉዳይ ነው፤ ማዕድ ላይ የምታስተምሯትን አስተምሯት። እርሳስ ግን ሌላ ነው። በግድ የተቀየረ ልጅ ይዘገያል፣ ይጨነቃል፣ መጻፍ ይሸሻል።

አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ ግራኝ ልጅ የጻፈችውን በእጇ ትሸፍነዋለች። ደብተሩን ጫፉ ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል አዙሩላት። እርሳሱን ከጫፉ ትንሽ ራቅ አድርጋ ትያዝ። መምህሯን ደግሞ «ኮምባይንድ ዴስኩ ላይ በግራ ጫፍ አስቀምጡልኝ» በሏቸው፤ ከጎኗ ካለው ልጅ ክርን ጋር አትጋጭም።

የጎረቤት ልጆች በቁቤ ይማራሉ፣ የእኔ ልጅ በፊደል፤ እንግሊዝኛም አለ። አይደበላለቅበትም?

ይህ የእኛ አካባቢ ጥያቄ ነው። ከመንገዱ ወዲህ አዲስ አበባ፣ ከመንገዱ ወዲያ ሸገር ከተማ። ልጆቹ ግን አንድ ሜዳ ላይ ነው ኳስ የሚጫወቱት፤ ቤት ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ ለጊዜው ይደበላለቃል፣ ከዚያ ይጠራል። በፊደልና በቁቤ መካከል ያለው ችግር ትንሽ ነው፤ መልካቸው ስለማይመሳሰል። ከባዱ በቁቤና በእንግሊዝኛ መካከል ያለው ነው። ሁለቱም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፣ ድምፁ ግን ይለያያል። ጣፊ፣ ማለትም ጤፍ፣ በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ በኤክስ ይጀምራል፤ ኤክስ በቁቤ ጠ ናትና። ጨፌ በሲ ይጀምራል። ቁቤ የሚለው ስም ራሱ የሚጀምረው በኪው ነው። እንግሊዝኛ ላይ እነዚህ ፊደላት ሌላ ድምፅ አላቸው። ልጁ ይህን ማንም ሳይነግረው ቀርቶ ሲሳሳት «አይገባውም» ይባላል። ንገሩት። «ይህቺ ፊደል እዚህ ቤት ይህን ትላለች፣ እዚያ ቤት ያንን» ብሎ ማስረዳት ለሰባት ዓመት ልጅ ይገባዋል።

ሌላ የማየው ነገር፣ ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ይህን የለመደ ልጅ በአማርኛ ከበደን «ከብበደ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ጆሮው በጣም ጥሩ ነው ማለት ነው። አመስግኑት፣ ከዚያ ፊደል ላይ አንዴ ብቻ እንደሚጻፍ አሳዩት።

ደብተሮቹን ለዩ። ለሦስቱም ቋንቋ አንድ ደብተር አይሁን። የእንግሊዝኛው ባለ አራት መስመር ቢሆን ጥሩ ነው፤ የአማርኛ ፊደል ግን አንድ መስመር ላይ መቀመጥ ይበቃዋል። እንግሊዝኛ ላይ ቢና ዲን ማቀያየር እስከ 7 እና 8 ዓመት ድረስ የተለመደ ነው።

እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄን እንዴት ልርዳ?

ከሚያስቡት በላይ ይችላሉ፣ እማማ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። አማርኛ በአብዛኛው እንደተጻፈ ነው የሚነበበው። ስለዚህ ልጅዎን የሚፈትኑት በጆሮዎ ነው።

ማታ ወጥ ሲሠሩ አጠገብዎ ይቀመጥ። እርስዎ ቃል ይጥሩ፤ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ድስት፣ ምጣድ፣ እንጀራ። ልጁ ይጻፍ። አምስት ሲሞላ «እስቲ አንብብልኝ» ይበሉት። ጣቱን ፊደሉ ላይ እያስቀመጠ፣ የጻፈውን ብቻ ያንብብ። «ሽንኩርት» ብለውት «ሽኩርት» ብሎ ካነበበ እርስዎ ይሰማሉ። «እኔ እንዲህ ነው ያልኩህ?» ይበሉት። ተመልሶ ያያል፣ «ን» ያስገባል። ልጁ በቃሉ እንዳይወጣው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያስነብቡት።

በማግስቱ ደብተሩን ለመምህሩ ያሳይ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ያደረጉ እናቶች ልጆች ላይ ለውጡ በግልጽ ይታየኛል።

60 ተማሪ አለኝ። የሁሉንም ጽሕፈት እንዴት ልከታተል?

በአንድ ቀን አይቻልም፤ አይሞክሩት። በቀን አንድ ረድፍ ይያዙ። የዚያን ረድፍ ልጆች ሲጽፉ ቆመው ይመልከቱ፤ የተጠናቀቀ ደብተር የእርሳስ አያያዝን አያሳይም። የቃል ጽሕፈቱን ጥንድ ሆነው ይተራረሙ፣ መልሱን ሰሌዳ ላይ እርስዎ ይጻፉ። ሰሌዳ ላይ የምትጽፉት ፊደል የእነሱ ሞዴል ነው፤ ስትቸኩሉ የጻፋችሁትን «ጠ» ሙሉ ክፍሉ ይወርሰዋል። ደብተር ስታርሙ ሁሉንም ስሕተት ቀይ አታድርጉ። አንዱን መርጣችሁ ያንን አሳዩ፣ በጣም ያማረችውን አንዲት ፊደል ደግሞ አክብቡለት።

እስክርቢቶ መቼ ይጀምር? በስልክ ቢለማመድስ?

እስክርቢቶ ጽሑፉ መስመር ይዞ፣ እየጠፋ እየተጻፈ መሄዱ ሲቀንስ። ብዙዎች 4ኛ ወይም 5ኛ ክፍል ላይ ይደርሳሉ፤ መቸኮል አያስፈልግም። ስልክ ላይ ፊደል መንካት ፊደል መለየትን ይረዳል፣ እጅን ግን አያስተምርም።

መቼ ነው መስጋት ያለብኝ?

2ኛ ክፍል አልቆ ልጁ ብዙ ፊደላትን ካልለየ፣ ትናንት የጻፈውን ዛሬ ማንበብ ካቃተው፣ ወይም የራሱን ስም በየቀኑ በተለያየ መንገድ ከጻፈ ዝም አትበሉ። ከሁሉ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ከሰሌዳ ሲገለብጥ ብቻ የሚሳሳትና ከመጽሐፍ ሲገለብጥ የማይሳሳት ልጅ ምናልባት ሰሌዳው አይታየውም። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው፤ በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጠይቃችሁ ሪፈር ማጻፍ ትችላላችሁ። ሰ እና ሸን፣ ተ እና ጠን ሁልጊዜ የሚያምታታ ልጅ ደግሞ የመስማት ችግር ሊኖርበት ይችላል።

ዓይኑም ጆሮውም ደህና ሆኖ ከቸገረው፣ ፊደልና ድምፅን ማገናኘት የሚከብዳቸው ልጆች አሉ፤ ከብልህነት ጋር አይገናኝም። በቃል ሲጠየቅ የሚመልስ፣ ሲጻፍ ግን የሚጠፋው ልጅ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ፊደሉን በጠመኔ የግቢው ሲሚንቶ ላይ በትልቁ ጻፉለትና በእግሩ ይሂድበት፤ ትሪ ላይ ዱቄት በትኑና በጣቱ ይጻፍ፤ በሳምንት ከሦስት ፊደል አትለፉ። መምህሩን ቀጠሮ ይዛችሁ አነጋግሩ፣ ስትሄዱም ደብተሮቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ የመስከረሙንና የአሁኑን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ስትነጋገሩ ልጁ የት ላይ እንደቆመ ሁለታችሁም ታያላችሁ።